31 የሌለበት መዝገብ

ዋና ቢሮው ጎንደር፣ ቅርንጫፎቹ በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባትና በደባርቅ የሆኑ አንድ ትልቅ ድርጅት የዳታቤዝ ሰርቨሮቹን ወደ አዲስ ቨርዥን ሲያሳድግ አጠገብ ሆኜ አየሁ። ሥራውን የመራችው ባለሙያ መጀመሪያ ያሳየችኝ አዲሱን ማሽን አይደለም። አንድ የቀን ዓምድ ከፈተችና «እስቲ 31 ፈልግልኝ» አለችኝ። ፈለግሁ። ዓመታቱን ሁሉ ብወርድ ብወጣ ቀኑ 30 ላይ ያበቃል።

«ይኼ ዓምድ የእኛ አቆጣጠር ነው፤ ማሽኑ ግን የፈረንጅ መስሎት ኖሯል» አለች።

ይህን የነገራት ሰው የለም፤ የተጻፈ ሰነድም አልነበረም። ያወቀችው ከአንድ ቁጥር አለመኖር ነው። የእጇን ጥራት የለካሁት ያኔ ነው።

ድርጅቱ ሲጠቀምበት የኖረው የዳታቤዝ ሶፍትዌር ማይኤስኪውኤል 5.6 ነበር። ከዚያ ተነሥቶ ወደታሰበው 8.0 በቀጥታ መዝለል አይቻልም፤ 5.7ን መርገጥ ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው 5.7 ደግሞ ጠባዩን ለውጦ መጥቷል። የቀድሞው፣ እዚህ ቤት እንደተተከለበት አኳኋን፣ ያልገባው ቀን ሲሰጠው ማንም የማያነበው ማስጠንቀቂያ ጥሎ በቦታው ዜሮ ይጽፍ ነበር። አዲሱ አልቀበልም ይላል።

ጥቅምት ሁለተኛ ወራችን ነው። ማሽኑ ሁለተኛ ወር ሲባል የሚያውቀው ፌብሩዋሪን ነውና ጥቅምት 30 የተከፈለ ገንዘብ ሁሉ ቀኑ ዜሮ ሆኖ ተቀምጧል። የጥቅምት 29 ጉዳይ ይብሳል፤ በ2008 ተቀብሎታል፣ በ2009 አልተቀበለውም፤ በፈረንጅ ቀመር 2008 ፌብሩዋሪ 29 ያለው ዓመት ነውና። ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ስለሆነ ጨርሶ የለም። ገንዘብ ተቀባዮቹ ከጊዜ በኋላ ነገሩ ገብቷቸዋል መሰለኝ፣ የጳጉሜን ገቢ ነሐሴ 30 እያሉ መጻፍ ጀመሩ። ባለሙያዋ በየዓመቱ ነሐሴ 30 ላይ መዝገቡ ያለ ልማዱ ሲያብጥ አይታ ይህንንም ደረሰችበት።

እዚህ ላይ አቋራጭ ነበራት። ዜሮዎቹን ባዶ አድርጎ ማለፍ የአንድ መስመር ትእዛዝ ነው፤ ማሽኑ አያጉረመርምም፣ አለቃም አይጠይቅም። እሷ ግን ለየቅርንጫፉ ደብዳቤ ጽፋ የደረሰኝ ጥራዞቹን አስመጣች። ደረሰኝ ተራ ቁጥር አለው፤ ከፊቱና ከኋላው ያለው ቀን ከታወቀ መካከል ያለው አይጠፋም። አቧራውን እያራገፈች፣ ካርቦኑ የደበዘዘውን ወደ መስኮት እያዞረች አነበበች። ጥራዙ ያልተገኘለትን በግምት አልሞላችም፤ «ደረሰኙ አልተገኘም» ብላ ጻፈችበት። በአዲሱ ሰንጠረዥ የእኛ ቀን በሦስት ቁጥር ለብቻው ይቀመጣል፤ ማሽኑ የሚያሰላበት የፈረንጁ ቀን ደግሞ ከጎኑ። አንዱ ሌላውን አይሽርም።

በስሞቹም ላይ እንዲሁ አደረገች። አንዲት ደንበኛ በአንዱ ቅርንጫፍ ፀሐይ፣ በሌላው ጸሀይ ተብላ ተመዝግባለች። ለማሽኑ ሁለት ሰው ናት። አንዳንዱ ባለሙያ ሐውንም ኀውንም ወደ ሀ፣ ሠውን ወደ ሰ ጠፍጥፎ ይገላገላል። እሷ ስሙን ሰው በጻፈው ፊደል ተወችው፤ ፊደሎቹ አንድ የሆኑበትን ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ዓምድ ከጀርባ ሠራች። የሰው ስም በፊደሉ የሰውየው ነው፤ ይህን መጠበቋ ልቤን ነክቶታል።

የማይኤስኪውኤል 5.7 ድጋፍ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ስላበቃ እዚያ መቆየት አይሆንም። 8.0 ደግሞ አንዴ በመረጃው ላይ ከተነሣ ወደ ኋላ አይመለስም፤ መመለሻው ባክአፕ ብቻ ነው። ስለዚህ ባክአፑን ሌላ ማሽን ላይ አስነሥታ ሳታይ አላመነችውም። ሙሉውን ጉዞ በቅጂ ላይ ሦስት ጊዜ ተለማምዳዋለች፤ በሦስተኛው መሀል ላይ ሆን ብላ መብራት አጠፋችበት። ጥንቃቄው በዛ የሚል ካለ መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም.ን ያስታውስ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ከጥገናና ፍተሻ ሥራ ጋር በተያያዘ ተዛብቶ፣ ደንበኞች የሌላቸውን ገንዘብ ሲያወጡ ያደሩበት ሌሊት ነው። ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ወጣ።

ዋናው ሌሊት ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ነበር። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ቅርንጫፎቹ መዘጋታቸውን በስልክ አረጋገጠች፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ለተመልካች ምንም የለውም። የሚወርድ ጽሑፍ፣ የሚቆም ጽሑፍ፣ እንደገና የሚወርድ ጽሑፍ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን የመዝገቡ ብዛት በአሮጌውም በአዲሱም አንድ ሆነ።

«ጨረስሽ?» አልኳት።

«ገና ነኝ። የገጠመው ቁጥሩ ብቻ ነው።»

የየቅርንጫፉን ሒሳብ ድምር በየወሩ ከፋፍላ ማነጻጸር ጀመረች። በጎንደር ደብሮች ብራና የሚገለብጥ ጸሐፊ ሥራውን ከዋናው ጋር እያናበበ እንደሚያርም ሁሉ፣ ረዳቷ አሮጌውን ጮክ ብሎ ያነባል፣ እሷ አዲሱን በዓይኗ ትከተላለች። ማሽኑ ራሱ ያነጻጸረውን ነው ደግመው የሚያዩት። ደባርቅ ላይ 40 ሳንቲም ጎደለች። የምትታለፍ ናት፤ አላለፏትም። ድምሩ በሚሠራበት ዓምድ ላይ የአስርዮሽ አያያዝ ልዩነት ሆኖ ተገኘ፤ ዓምዱ ተስተካክሎ ድምሩ ከአንድ ጀምሮ እንደገና ተሠራ። በዚህ መሀል ነጋ፤ ከደብረ ብርሃን ሥላሴ በኩል የቅዳሴ ድምፅ ይሰማል።

በመጨረሻ ረዳቷን አስነሥታ ራሷ ተቀመጠች። የሙከራ ደረሰኝ ከፍታ ቀኑን ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ብላ ጻፈች። ዘመነ ሉቃስ ነበርና ጳጉሜን ስድስት ናት፤ ተቀበለ። 2015ን አጥፍታ 2016 አለች፤ አልቀበልም አለ። ሁለቱንም ሰርዛ፣ ሰርቨሩን ለሰኞ ክፍት አደረገች።