የሆ ሚሚ ዝናና የትውልድ ሐረግ ክብደት

ደቡብ ኮሪያ በጁዶ ብዙ የኦሎምፒክ ወርቅ አሸናፊዎችን ያፈራች አገር ሆና ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ከፓሪስ በብር ሜዳሊያ የተመለሰችው ሆ ሚሚ ሰፊ የሕዝብ ፍቅር ማትረፏ ዝናዋ በውጤት ብቻ እንዳልተገነባ ያመለክታል። ሚሚ በ2002 ቶኪዮ ውስጥ ከጃፓናዊት እናትና ከ“ዛይኒቺ” አባት ተወለደች፤ ዛይኒቺ የሚባሉትም ኮሪያ ከ1910 እስከ 1945 በጃፓን ቅኝ አገዛዝ ሥር በነበረችበት ዘመን ባሕር የተሻገሩ ወይም በግዳጅ የተወሰዱ፣ ከዚያም በጃፓን የቀሩ ኮሪያውያንና ዘሮቻቸው ናቸው። በ2021 ያረፉት አያቷ ለኮሪያ እንድትሰለፍ መመኘታቸው ወደ አባቶቿ አገር መራት፤ የዘር ሐረጓ ሲጣራም ጃፓንን ከተቃወሙት የነጻነት ታጋይ ከሆ ሶክ የሚወርድ መሆኑ ታወቀ፤ በኋላም የጃፓን ዜግነቷን ተወች።

ጁዶ ጂጎሮ ካኖ በ1882 በጃፓን የመሠረተው ጥበብ በመሆኑ፣ የአርበኛ ዘር በዚሁ ጥበብ ለኮሪያ ስትታገል ማየት የኮሪያን ተመልካች ልብ ቢነካ አያስገርምም። ይሁን እንጂ ትረካው በጎላ ቁጥር ሁለት ነገሮች ይደበዝዛሉ፤ አንደኛው ሚሚን ከልጅነቷ ጀምሮ ያሠለጠኑት የጃፓን ትምህርት ቤቶች ድርሻ ሲሆን፣ ሁለተኛውና ይበልጥ የሚያሳዝነው ፍልሚያዋ ራሱ ነው። ተጋጣሚን በጀርባ አዝሎ ወደፊት የመጣል ስልት በሆነው “ሴዮ ናጌ” የምትታወቀው ይህች ተፋላሚ፣ በግንቦት 2024 በአቡ ዳቢ ከ57 ኪሎ ግራም በታች የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን ለኮሪያ ሴቶች ከ1995 ወዲህ የመጀመሪያውን የዓለም ወርቅ አስገኝታለች፤ ይህ ድል ያለ ቅድመ አያት ታሪክም በራሱ ሊቆም የሚችል ነው።

ደም ብቻውን ዝናን እንደማይወስን የጁዶ ተፋላሚው የቹ ሶንግሁን ሕይወት ያስረዳል። በኦሳካ የተወለደው ይህ ዛይኒቺ በ2001 የጃፓን ዜግነት ወስዶ፣ በ2002 በቡሳን የእስያ ጨዋታዎች ፍጻሜ ኮሪያዊ ተጋጣሚውን በማሸነፉ በኮሪያ ከባድ ወቀሳ ወርዶበት ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ግን ከትንሽ ሴት ልጁ ጋር የቀረበበት የቴሌቪዥን ዝግጅት የዚያው ሕዝብ ወዳጅ አደረገው።

የፓሪሱ ፍጻሜም ለአርበኝነት ትረካ አልተመቸም። ሚሚን ያሸነፈችው ለካናዳ የምትፋለመው፣ እንደ እርሷ በጃፓን የተወለደችው ክሪስታ ዴጉቺ ነበረች፤ ውጤቱም የተለየው በመጣል ሳይሆን በ“ሺዶ”፣ ማለትም ሦስት ሲሞላ ከፍልሚያ በሚያስወጣ የጥፋት ቅጣት ነው። ሚሚ ሦስተኛውን የተቀበለችው የማጥቃት ማስመሰል ፈጽማለች ተብላ ነበር፤ ጥቃቷ እውነተኛ መሆኑን ብታምንም ውሳኔውን የጨዋታው አካል አድርጋ ተቀበለችው፤ አሸናፊዋ ዴጉቺም ብትሆን የሺዶ አሠራር መሻሻል እንዳለበት ተናግራለች። ብሔራዊ ቁጭት ይህን የዳኝነት ጥያቄ ሊውጠው አይገባም ነበር፤ ጥቂት ቀናት ቆይቶ በተካሄደው የድብልቅ ቡድን ውድድር ኮሪያ ጀርመንን ረትታ ነሐስ ስታገኝ፣ ኮሪያዊው አን ባውል ከእርሱ በክብደት ከሚበልጥ ተጋጣሚ ጋር ያደረገው ወሳኝ ፍልሚያ የተቋጨው በዚያው በሺዶ ሕግ ነው።