ስም የሆነ ዓረፍተ ነገር፦ የዮፍታሔ ንጉሤ ተውኔቶችና የእውነታዊነት ሚዛን

ስለ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ (1887–1939) በተነሣ ቁጥር ምስጋናና ወቀሳ ተከታትለው ይመጣሉ። ምስጋናው ለአርበኛው ባለቅኔ ነው፤ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ በዓል እስከ አብዮቱ የተዘመረውን ብሔራዊ መዝሙር ግጥም ለደረሰው፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ሱዳን ለተሰደደው። ወቀሳው ለጸሐፌ ተውኔቱ ነው። ገጸ ባሕርያቱ ሥጋና ደም የላቸውም፣ ስም የተሰጣቸው ሐሳቦች ናቸው ይባላል። ከዚያ ውይይቱ ወደ መንግሥቱ ለማ «ጠልፎ በኪሴ» እና «ያላቻ ጋብቻ» ይሻገርና የኢትዮጵያን ማኅበራዊ ኑሮ መድረክ ላይ ማየት የጀመርነው ከዚያ ወዲህ ነው ተብሎ ይዘጋል። በክፍልም በጉባኤም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ምስጋናው ከመጠን ያለፈ፣ ወቀሳው ደግሞ ሚዛኑን የሳተ ይመስለኛል።

ዮሐንስ አድማሱ የዮፍታሔን ሕይወትና ሥራ ባያጠናልን ኖሮ ዛሬ የምንከራከርበት ነገር ባልኖረን ነበር፤ የሕይወት ታሪኩን ለዚያ ጥናት እተወዋለሁ። እኔን የያዘኝ አንድ ነገር ነው፤ ስም አወጣጡ። «ምስክር»፣ «ጥቅም ያለበት ጨዋታ»፣ «የሆድ አምላኩ ቅጣት»፣ «አፋጀሽኝ» እያለ ርእስ የሚሰጥ ደራሲ ስምን እንዴት ነው የሚያየው?

«ሆድ አምላኩ»ን እንውሰድ። መነሻው ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች በላከው መልእክት ሆዳቸውን አምላክ ስላደረጉ ሰዎች የጻፈው ነው። እንደ ዮፍታሔ ያለ የጎጃሙ ደብረ ኤልያስ ተማሪ ይህን ከመጽሐፍ ያውቀዋል። ዮፍታሔ ግን ሐረጉን እንደ ጥቅስ አልተወውም፤ በገበያ ቀን ከሩቅ ሊጠሩት የሚቻል የሰው ስም አስመሰለው። አምላክ የሚለውን ቃል በስማቸው የተሸከሙ ሰዎች በየደብሩ ሞልተዋል። «ሆድ አምላኩ» ከእነሱ መካከል ገብቶ ይቆማል፤ ጆሮ መጀመሪያ እንደ ጎረቤት ይቀበለዋል፣ ከዚያ ይደነግጣል።

«አፋጀሽኝ» ከዚህም ይረቅቃል። ግሡ ከ«ፈጀ» ወጥቶ «ተፋጀ»፣ ከዚያ «አፋጀ» ሆኗል፤ እርስ በርስ አጨራረሰ ማለት ነው። የግሡ ባለቤት አንቺ የምትባል ሴት ናት፤ መጨረሻው ላይ ያለችው «ኝ» ግን እኔ ነኝ። ስለዚህ ይህን ስም የሚጠራ ሰው ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ሁለት ነገር ይናገራል፤ አንቺን ይከሳል፣ በመፋጀቱ ውስጥም እኔ አለሁበት ብሎ ይናዘዛል። ሦስተኛ ወገን ሆኖ ከዳር የሚቆምበት ቦታ የለውም። ሴቲቱ ኢትዮጵያ ናት የሚለው ፍቺ ሁላችን የምናውቀው ነው፤ ነገር ግን ፍቺውን ይዘን ስንሮጥ ይህችን አንዲት ፊደል ጥለናት እንሄዳለን። ሰም ቀለጠ ተብሎ ይረሳል እንጂ ወርቁ የያዘው የሰሙን ቅርጽ ነው።

አሁን ወደ ወቀሳው ልመለስ። እንዲህ ያለ ስም ከኑሮ የራቀ ነው የሚለው ሰው የጎጃምን ስም ልብ ብሎ አልሰማም። ልጅ የሞተባት እናት ቀጣዩን «ማስረሻ» ወይም «ምትኩ» ትለዋለች። በዘመድ ሙግት መካከል የተወለደ ልጅ «ይታያል» ሊባል ይችላል፤ ቃሉ የተላከው ለሕፃኑ ሳይሆን ለባላጋራው ነው። «ይሁኔ»፣ «አገኘሁሽ» ሙሉ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ ሐዘን፣ ምኞትና ክርክር አዝለው ዕድሜ ልክ ይጠራሉ። እዚህ አገር ሰውን በዓረፍተ ነገር መጥራት የተውኔት ፈጠራ አይደለም፣ የቤትና የጎረቤት ወግ ነው። ዮፍታሔ ከኑሮ ወደ ተምሳሌት ሸሸ ከማለት ኑሮ ራሱ ያዘጋጀለትን ተምሳሌት አነሣ ማለት ይቀርባል።

ማስረጃው ከወንዙ ልጅ ከሐዲስ ዓለማየሁም ይገኛል። እሱም ደብረ ኤልያስ ተምሯል፤ በወጣትነቱ የጻፈው ተውኔት «የሐበሻና የወደኋላ ጋብቻ» ይባላል፤ ከተጋቢዎቹ አንዱ በስሙ ኋላ ቀርነት ነው። በ1958 በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥም ፊታውራሪው «መሸሻ»፣ ባላገሮቹን የሚመራው ጀግና «አበጀ በለው»፣ ተማሪው «በዛብህ» ናቸው። ይህን መጽሐፍ የእውነታዊ ልቦለድ አብነት ስናደርገው ስሞቹን ማንም አልነቀፈም። በልቦለድ የተፈቀደው በተውኔት የሚከለከልበት ምክንያት አይታየኝም።

የእውነታዊነቱ ሚዛን የመጣው ከውጭ ነው፤ ያመጡት ሰዎች ግን የመጣበትን አገር ተውኔት ራሱን ጠለቅ ብለው አላዩትም። በአሜሪካ የማኅበራዊ እውነታ ተውኔት ቁንጮ የሚባለው አርተር ሚለር በ1949 እኤአ ለመድረክ በበቃው «የሻጩ ሰውዬ ሞት» ባለታሪኩን ዊሊ ሎማን አለው። ተቺዎች በስሙ ውስጥ «ዝቅ ያለ ሰው» የሚል ትርጉም ሰሙ። ሚለር ስሙን ያገኘው ከፍሪትዝ ላንግ ፊልም መሆኑን ተናግሯል፤ ትርጓሜው ግን አልቆመም። ለሎማን ስሙ ጥልቀት ጨመረለት፤ ለ«አፋጀሽኝ» ያው ነገር ጉድለት ተባለ።

ከሚለር በፊት ሌላው አሜሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት ክሊፎርድ ኦዴትስ ነበረ። የታክሲ ነጂዎችን የሥራ ማቆም አድማ የሚያሳየው ተውኔቱ በ1935 እኤአ መጀመሪያ ኒው ዮርክ ላይ ሲታይ ተመልካቹ ከተዋንያኑ ጋር አድማ እያለ ጮኸ። የአሜሪካ የቴአትር ታሪክ ያን ምሽት እንደ ተአምር ይተርከዋል። በዲማ፣ በዋሸራ፣ በጎንጅ ቅኔ ሲዘረፍ ያደመጠ ሰው ግን ጉባኤው ከባለቅኔው ጋር አብሮ እንደሚሠራ ያውቃል፤ ወርቁ ሲወጣ «ይበል!» የሚለው ሰሚው ነው። «ቀኝ ጌታ» የሚለው ማዕረግም የማሕሌት ነው፤ ቀኝና ግራ ሆነው ፊት ለፊት ከሚቆሙት መዘምራን የቀኙን የሚመራ። ንግግርና ምላሽን፣ ተጠባባቂ ጆሮን ዮፍታሔ ከማንም አልተበደረም።

እውነተኛው ድክመቱ ሌላ ቦታ ነው፤ አድናቂዎቹም ነቃፊዎቹም ያልፉታል። ርእሱ እንደሚለው የሚቀጣው ሆድ አምላኩ ነው፤ ሰውዬው። ሆድን አምላክ ያደረገው ጉልትና ደጅ ጥናት ግን ተከሳሽ ሆኖ አይቆምም። ሐዲስ ፊታውራሪ መሸሻን ከባላገሮቹ ጋር ሲያጋጥመው የምናየው የአንድ ሰው ስግብግብነት ሳይሆን ግብር የሚጥል ጌታና ግብር የሚከፍል ሕዝብ ነው። ዮፍታሔ ለቤተ መንግሥት ቅርብ ነበር፤ ያ ቅርበት ብዕሩን ከግለሰብ ኃጢአት አላሻገረውም። ስለ አንድነት የጮኸውን ያህል ስለ ጭሰኛው ቢጮህ ኖሮ ዛሬ ሌላ ቴአትር በኖረን ነበር። ይህን በሐዘን እጽፋለሁ፤ መሣሪያው ነበረውና።

«አፋጀሽኝ»ን ዛሬ ለማዘጋጀት የሚነሣ ሰው ቢኖር ባንዲራውንና ሽለላውን ለጊዜው ያቆየው። መጀመሪያ ተዋንያኑን ያስቀምጥና ስሙን ብቻ ያስጠራቸው። አንዱ ልጁን ከደጅ እንደሚጣራ አባት፣ አንዱ በዳኛ ፊት እንደቆመ ከሳሽ፣ አንዷ ወንድሟን ቀብራ እንደተመለሰች እህት ይበሉት። ያቺ «ኝ» በሦስቱም አፍ ውስጥ እስክትሰማ ድረስ ወደ መጀመሪያው ትዕይንት አይሂዱ።