መዝገበ ዕውቀት በቤት ኮምፒዩተር፤ ስለ ኤንካርታ የቀረበ ሒስ

መታተሙ ከተቋረጠ ብዙ ዓመት ያለፈው መዝገበ ዕውቀት ዛሬ ሊተች ይገባዋልን? የሚል ጥያቄ ከአንባቢ ሊቀርብ ይችላል። የማይክሮሶፍት ኩባንያ ኤንካርታን ማሳተም የጀመረው በ1993 ሲሆን ያቆመው በ2009 ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሆኖም ኢንተርኔት በማይደርስበት ወይም ዋጋው ከአቅም በላይ በሆነበት ቤት የቆዩት ቅጂዎች ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን አገልግለዋል። እኔም በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ፥ በመጻሕፍት ቤቱ መደርደሪያ ላይ ከነበሩት ጥራዞች ይልቅ በቤታችን ኮምፒዩተር ላይ የተጫነውን ኤንካርታ የምጠይቅበት ጊዜ ይበዛ ነበር። ስለዚህ የምተቸው ብዙዎቻችን የማንበብ ልማድ ያወጣንበትን ሥራ ነው።

የኤንካርታ መሠረት ፈንክ ኤንድ ዋግናልስ የተባለው የአሜሪካ መዝገበ ዕውቀት ነው። ማይክሮሶፍት አስቀድሞ በ1980ዎቹ ለብሪታኒካ ጥያቄ አቅርቦ ነበር፤ ብሪታኒካ ግን እንቢ አለ። ለእንቢታው ምክንያት ነበረው። በ1990 እንኳ በአሜሪካ አገር 120,000 ያህል ሙሉ ስብስብ ሸጧል፤ የአንዱም ስብስብ ዋጋ ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ነበር። ኤንካርታ በ395 ዶላር ለገበያ ቀርቦ ወዲያው ወደ 99 ዶላር ሲወርድ ይህ ሁሉ ተናጋ። ብሪታኒካም በ2012 የወረቀት እትሙን ማቆሙን አስታወቀ።

ወደ አጠቃቀሙ እንምጣ። በወረቀት መዝገብ አንድ ስም የሚፈልግ ሰው ገጾቹን ሲገልጥ ያላሰባቸውን ጎረቤት ስሞች ያያል። በኤንካርታ ግን የተፈለገው ጽሑፍ ስሙ እንደ ተጻፈ ብቻውን ይመጣል፤ ከዚያም በቀለም የተለዩት ቃላት ከአንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው ይመራሉ። ድምፁና ተንቀሳቃሽ ሥዕሉ፥ ካርታውም፥ ለልጅ አእምሮ ታላቅ ደስታ ነበሩ። ማይንድሜዝ የተባለውም ጨዋታ ነበረ፤ ተጫዋቹ ጥያቄ እየመለሰ በአንድ ጥንታዊ ግንብ ውስጥ ከክፍል ወደ ክፍል ያልፋል። (የጨዋታው ጥያቄዎች ከአንዳንድ የክፍል ፈተናዎች ይሻሉ እንደ ነበረ ሳልናገር አላልፍም።)

የማይታየው ነገር ግን መጠኑ ነው። በጥራዝ ላይ ለአንድ አገር ሃያ ገጽ፥ ለሌላው ግማሽ ዓምድ ተሰጥቶት እንደ ሆነ ዐይን ወዲያው ይፈርዳል፤ የአዘጋጁም አድልዎ በወረቀቱ ውፍረት ይለካል። በኮምፒዩተር መስኮት ላይ ረጅሙም አጭሩም ጽሑፍ አንድ መስኮት ይሞላሉ። የ2008ቱ የእንግሊዝኛ ሙሉ እትም ከ62,000 በላይ ጽሑፎች ነበሩት። ከእነዚህ ለአፍሪካ ስንቱ እንደ ተመደበ ግን ተጠቃሚው በዐይኑ ሊገምት አይችልም።

ስለ መቅዳት የሚነሣው ክስ የታወቀ ነው። ከኤንካርታ አንድ አንቀጽ ቀድቶ በራሱ ጽሑፍ ላይ የሚለጥፍ ሰው የመዝገቡን ስም፥ የእትሙን ዓመትና የባለቤትነት መብቱን የሚገልጽ መስመር ከግርጌው ተጨምሮ ያገኛል። አንዳንድ ተማሪዎች መስመሩን ሳያዩት ከቤት ሥራቸው ጋር ያስረክቡ ነበር፤ መምህሩም ያለ ብዙ ምርመራ ይደርስባቸዋል። ብልጦቹ መስመሩን ይሰርዙታል። እኔ እንደሚመስለኝ ከተቀዳው ሁሉ መሰረዝ የማይገባው እርሱ ነበር፤ ቃሉ ከየት እንደ መጣና የየትኛው ዓመት ዕውቀት እንደ ሆነ የሚናገረው እርሱ ብቻ ነውና።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ምስጋና አለኝ። የመጨረሻው እትም በሐምሌ 2011 ነፃ የወጣችውን ደቡብ ሱዳንን አያውቅም፤ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ግንባታው የተጀመረውን የሕዳሴ ግድብም አያውቅም። ብዙዎች ይህን እንደ ጉድለት ይቆጥሩታል። ነገር ግን ድንበሩ የታወቀ መጽሐፍ አንባቢውን አያሳስትም፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ከሌላ መፈለግ እንደሚገባ ይገባዋል።

የኤንካርታ ዋና ጥፋት ከዕድሜው ይልቅ በልዩ ልዩ ቋንቋ በታተሙት እትሞቹ መካከል ይገኛል። ኤንካርታ በእንግሊዝኛ፥ በጀርመንኛ፥ በፈረንሳይኛ፥ በጣልያንኛና በሌሎችም ቋንቋዎች ይታተም ነበር። በአሜሪካው እትም ስልክን የፈጠረው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ነው፤ በጣልያንኛው ከፍ ያለውን ድርሻ የሚወስደው አንቶኒዮ ሜውቺ ነው። ቢል ጌትስ ራሱ በ1997 በጋዜጣ ጽሑፉ ይህን ዐይነቱን ልዩነት ሳይደብቅ ገልጾታል። ነገሩ ባዶ የአገር ትምክህት ነው ብሎ መፍረድም አይቻልም፤ የአሜሪካ ሕግ መምሪያ ምክር ቤት በ2002 ሜውቺ ለስልክ መፈጠር ያደረገውን የሚያከብር ውሳኔ አሳልፏልና። ክርክሩ እውነተኛ ክርክር ነው። እያንዳንዱ እትም ግን ለአንባቢው የሚያቀርበው የተዘጋ ፍርድ ነበር፤ በሌላ አገር ለሚሸጠው ሲዲ ሌላ ነገር እንደ ተነገረ የሚያመለክት ቃል ከጽሑፉ ግርጌ አልነበረም።

ይህ ለኢትዮጵያዊ ተማሪ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1889 የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት ሊገለገሉ እንደሚችሉ ሲናገር፥ ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። መጨረሻውም በ1896 በአድዋ ታየ። የስልኩ ጉዳይ በክብደቱ ከዚህ ጋር እንደማይመዛዘን አውቃለሁ። ነገር ግን የውሉ ተንኮል ሊገለጥ የቻለው ሁለቱ ጽሑፎች ጎን ለጎን ስለ ተነበቡ ነው። የኤንካርታ እትሞች ደግሞ በየአገሩ ለየብቻ ስለሚሸጡ በአንድ ተማሪ ጠረጴዛ ላይ የሚገናኙበት አጋጣሚ እምብዛም አልነበረም። በአማርኛም የታተመ ኤንካርታ የለም፤ ስለዚህ እኛ የምናስተያየው የራሳችን ጽሑፍ እንኳ አልነበረንም።

ማይክሮሶፍት በ1999 ኤንካርታ አፍሪካናን ማውጣቱን መካድ አይገባም። ይህን ሥራ ያዘጋጁት ሄንሪ ልዊስ ጌትስና ክዋሜ አንቶኒ አፒያ ናቸው፤ ሐሳቡም የመነጨው ከዱ ቦይስ ነው። ዱ ቦይስ ስለ ጥቁር ሕዝብ የሚናገር መዝገበ ዕውቀት ለማዘጋጀት ከ1909 ጀምሮ አስቦ፥ በ1961 ለዚሁ ሥራ ወደ ጋና ሄዶ፥ ሳይፈጽመው በ1963 በአክራ ሞተ። ታላቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን በመጀመሪያ የቀረበው ከዋናው ኤንካርታ ተለይቶ ለብቻው ነበር።

በ2001 የተጀመረው ዊኪፔዲያ በዚህ ረገድ የተሻለ ነው ብዬ እፈርዳለሁ። የእያንዳንዱ ገጽ ለውጥ ከነቀኑ ተመዝግቦ ይቀመጣል፤ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው መሻገሪያውም እዚያው ነው። ኪዊክስ በሚባለው ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔት በቤት ኮምፒዩተር ሊነበብ ይችላል። የእንግሊዝኛው ከነሥዕሉ 100 ጊጋባይት ገደማ ሲሆን፥ አንድ ሲዲ የሚይዘው ግን 650 ሜጋባይት ያህል ብቻ ነበር። የአማርኛው ዊኪፔዲያ ወደ 15,000 የሚጠጉ ጽሑፎች አሉት፤ የእንግሊዝኛው ከስድስት ሚሊዮን ይበልጣል። ስለዚህ ስለ ገዛ አገራችን የተጻፈውን ብዙ ነገር ዛሬም የምናነበው የሚያስተያየው የአማርኛ ጽሑፍ ሳይኖር ነው።

ለዚህ መጽሔት ጥናት የሚያቀርቡ ጓደኞቼ ከማናቸውም መዝገበ ዕውቀት ሲጠቅሱ ስሙን ብቻ መጻፍ አይበቃቸውም፤ የየትኛው ቋንቋ እትም እንደ ሆነና ዓመቱን ሊጽፉ ይገባል እላለሁ። የኪዊክስ ፋይል ቋንቋውን፥ ዓመቱንና ወሩን በስሙ ላይ ይዞ ስለሚመጣ ይህን ለማድረግ አያስቸግርም።