የቀሪዎች ስም፦ «ሐዋታ» በዓረብኛና በዐማርኛ መካከል

በ2005 ዓ.ም. በሰባት ወራት ልዩነት ሁለት ድምፃውያን ከአገራቸው ውጭ ዐረፉ። ሱዳናዊው ማሕሙድ ዐብዱልዐዚዝ ጥር 9 ቀን በዮርዳኖስ ዋና ከተማ በዐማን፣ ኢትዮጵያዊው ኢዮብ መኰንን ደግሞ በነሐሴ ወር በናይሮቢ፤ ሁለቱም ለሕክምና በሄዱበት። የመጀመሪያው 45 ዓመቱ ነበር፤ ሁለተኛው ገና አርባ አልሞላውም። ስለ ሁለቱ በኋላ የተጻፈው ሲነበብ አንድ አሳብ ይደጋገማል፤ በወጣትነት መሞት ዘፋኙን ከዘፋኝነት አውጥቶ የባህል ተምሳሌት አደረገው የሚል። ይህ ጽሑፍ የሚሞግተው ይህንኑ አሳብ ነው። ሞቱ ለሁሉም አንድ ሲሆን ሟቹን የሚያኖረው የየቋንቋው ሥራ የተለያየ ነው፤ ዓረብኛው የቀሩትን ይሰይማል፣ ዐማርኛው የሄደውን በነበረበት መጠሪያ ላይ ያቆመዋል።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ሁለቱ ቋንቋዎች ጎን ለጎን በሚነገሩበት ስፍራ ነው። ዶካ ከገዳሪፍ ወደ ገላባት፣ ከዚያም ድንበሩን ተሻግሮ ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። አካባቢው የማሽላና የሰሊጥ አገር ነው፤ ለአረምና ለአጨዳ ከኢትዮጵያ ወገን የሚሻገረው የቀን ሠራተኛ ብዙ ነው። በአቅራቢያዋ ያለው የኡም ራኩባ መጠለያ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን አስጠግቶ ነበር፤ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከትግራይ የተሰደዱትን ተቀብሏል። ዓረብኛ፣ ዐማርኛና ትግርኛ በሚገናኙበት በእንዲህ ያለ አካባቢ የአንዱ አገር ሟች ዘፋኝ በሌላው ቋንቋ መጠራቱ አይቀርም። ሲጠራ ትርጉም ያሻዋል፤ ስሕተቱም የሚጀምረው ከትርጉሙ ነው።

በቅድሚያ «ወጣት» የሚለው ቃል ራሱ መመርመር አለበት። በምዕራቡ ዓለም በ27 ዓመታቸው የሞቱ ሙዚቀኞች፣ ከጂሚ ሄንድሪክስና ከጃኒስ ጆፕሊን እስከ ከርት ኮቤይንና ኤሚ ዋይንሃውስ፣ እንደ አንድ ማኅበር ይቆጠራሉ። በ2011 (እ.ኤ.አ.) የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ያወጣው ጥናት ግን በዚያ ዕድሜ የሙዚቀኞች ሞት ከሌላው ዕድሜ በልጦ እንደማይገኝ አሳይቷል። ቁጥሩን ቁጥር ያደረገው ቆጣሪው ነው። በዐማርኛም ነገሩ ከዚህ አይርቅም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። የጎንደር አዘዞው ማዲንጎ አፈወርቅ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በ44 ዓመቱ ሲሞት ግን «ያለዕድሜው» ማለት ለማንም አልከበደም። በሕይወት ሳለ ወጣት ብሎ የሚጠራው ባልነበረ ሰው ላይ ወጣትነት በሞቱ ማግስት ይጫናል። እንግዲህ ወጣትነት የተምሳሌትነቱ መንሥኤ ነው ሲባል፣ ከውጤቱ ጋር አብሮ የተፈጠረውን ነገር ምክንያት ማድረግ ይሆናል።

ከቁጥር ጋር የተያያዘ ሌላም ነገር አለ፤ ምንም እንኳ ከዋናው ጉዳይ ጥቂት ፈቀቅ ቢል። ሌላው ታላቅ የሱዳን ድምፃዊ ሙስጠፋ ሲድ አሕመድ በዶሃ የሞተው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 17 ቀን 1996 ነው። ማሕሙድም የሞተው በጃንዋሪ 17 ነው፣ ከ17 ዓመት በኋላ። ሱዳናውያን ይህን ግጥጥሞሽ ብዙ ያነሡታል፤ በየዓመቱም ሁለቱን በአንድ ቀን ያስባሉ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ግን የሙስጠፋ ዕለት ጥር 8 ቀን 1988፣ የማሕሙድ ጥር 9 ቀን 2005 ነው፤ በሂጅራም ቀኖቹ አይገናኙም። ምልክቱ ድንበሩን ሲሻገር ይፈርሳል። ይህ ለቋንቋ ተመራማሪ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የቃላት ግጥጥሞሽም ብዙ ጊዜ እንዲሁ በአንድ ሥርዓት ውስጥ ብቻ የሚቆም ነው።

አሁን ወደ ስሙ። ማሕሙድ ዐብዱልዐዚዝ በሕይወት ሳለ የተጸውዖ ስሙን ያህል የሚታወቅበት ቅጽል ነበረው፤ «አልሑት»፣ ማለትም ዓሣ ነባሪው። ተከታዮቹ ከዚህ ቃል ለራሳቸው ስም አወጡ፤ «አልሐዋታ»፣ «ዋ» ጠብቆ የሚነበብ። የዓረብኛ ሰዋስው ለሚያውቅ ነገሩ ግልጽ ነው። ቃሉ የተሠራው መካከለኛውን የሥር ተነባቢ አጥብቆ፣ ረዥም አናባቢ አስከትሎና በ«ኣ» ዘግቶ የሰዎችን ጉባኤ በሚሰይም ቅርጽ ነው። ይህ ቅርጽ በሱዳን ምድር ከባድ ታሪክ አለው። «በቃራ» በላም የሚኖሩት ናቸው፣ «አባላ» በግመል የሚኖሩት፣ «ጀላባ» ዕቃ ከአገር ወደ አገር አዘዋውረው የሚነግዱት። ሦስቱም ከመተዳደሪያ ተነሥተው ከመተዳደሪያ በላይ ሆነዋል፤ በቃራ ዛሬ የነገድ ስብስብ መጠሪያ ነው፣ ጀላባ ደግሞ በፖለቲካ ንግግር ውስጥ የዐባይ ዳር ሰዎችን በክስ መልክ የሚያመለክት ቃል ሆኗል።

ሐዋታ የገባው በዚህ መዝገብ ውስጥ ነው። በቀጥታ ሲፈታ ሐዋት ዓሣ አጥማጅ ወይም ዓሣ ሻጭ ነው። በዚህ ፍቺ ብንሄድ ተከታዩ የዘፋኙ አዳኝ ሊሆን ነው፤ ነገር ግን ማንም እንዲህ አይሰማውም፤ የቅርጹ ኃይል የሥሩን ፍቺ አሸንፎታልና። የሚሰማው በቃራ በላም እንደሚኖር ሐዋታ በሑት ይኖራል የሚለው ነው። የዘር ሐረግ የማይጠይቅ፣ ግዛት የሌለው፣ ግን በነገድና በመተዳደሪያ ስም ልክ የተሰፋ መጠሪያ ተገኘ ማለት ነው። ነገድ እየተጠቀሰ ጦርነት በሚካሄድበት አገር ወጣቶች የነገድን ሰዋስው ወስደው ሌላ ነገር ሲሠሩበት መታለፍ የማይገባው ጉዳይ ነው። ስሙ ደግሞ ከሞቱ በፊት የነበረ ነው። በጥር 2005 አስከሬኑ ካርቱም ሲደርስ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ጥሶ የገባው ሕዝብ በዚያ ዕለት የተፈጠረ ሕዝብ አልነበረም፤ ስም ያለው፣ ሁለት ክንድን ከራስ በላይ በማጣመር የሚተዋወቅበት ምልክትም የነበረው ጉባኤ ነበር። ሞቱ ጉባኤውን አገኘው እንጂ አልሠራውም።

የገዳሪፍ ክፍለ ሀገር አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። በዚያው ክፍለ ሀገር፣ ከኢትዮጵያ ደጋ በሚወርደው በራሃድ ወንዝ ዳር፣ አልሐዋታ የምትባል ከተማ አለች፤ ከማሕሙድም ከተከታዮቹም በፊት የነበረች። የዓረብኛ ጽሕፈት የማጥበቂያ ምልክቱን በተለመደው አጻጻፍ ስለማያስቀምጥ የከተማዋና የተከታዮቹ ስም በወረቀት ላይ አንድ ነው። የግዕዝ ፊደልም ጥብቀትን አያሳይምና በዐማርኛ ሲጻፍ ችግሩ ይደገማል። ለዶካ ሰው «ሐዋታ ነኝ» የሚል ተናጋሪ የትውልድ ቦታውን ይናገር ወይስ የሚወደውን ዘፋኝ፣ አውዱ ብቻ ይለየዋል።

በዐማርኛ ቃሉ ብዙውን ጊዜ «የማሕሙድ አድናቂዎች» ተብሎ ይፈታል። ትርጉሙ ሐሰት አይደለም፣ ግን ባዶ ነው። አድናቂነት የአንድ ሰው ስሜት ነው፤ ዛሬ አድንቆ ነገ መተው ይቻላል። «ደጋፊ» የሚለውም ከኳስ ሜዳ የመጣ ስለሆነ ተቃራኒ ቡድን ይጠራል። ዐማርኛ ለዚህ የቀረበ ቅርጽ አጥቶ አይደለም። «እነ» የሚለው መነሻ ምዕላድ ሰውየውን ከባልንጀሮቹ ጋር አንድ ላይ ያስራል። ይሁን እንጂ «እነ ማሕሙድ» ሲባል ማሕሙድ ራሱ በመካከል አለ፤ በሐዋታ ውስጥ ግን ሑት የለም። እርሱ ቢሞትም ቃሉ አንድ ሰው አይጎድልበትም። ዐማርኛው ቅርጽ ከሟቹ ጋር አብሮ የሚጎድል ነው።

ታዲያ ዐማርኛ የወጣት ሟቹን ዝና በምን ያኖረዋል? በአጠራር ነው። ድምፃዊ በሕይወት ሲቆይ ስሙ ላይ ነገር ይጨመራል። የማሕሙድ ዐብዱልዐዚዝ ሞክሼ የሆነው ኢትዮጵያዊው ማሕሙድ አሕመድ ከዕድሜ ጋር «ጋሽ ማሕሙድ» ሆኗል። በ68 ዓመቱ በ2001 ዓ.ም. ያረፈው ጥላሁን ገሠሠ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባገኘው የክብር ማዕርግ «ክቡር ዶክተር» ይባላል። «አንጋፋው ድምፃዊ» የሚለውም የዕድሜ ሹመት ነው። ኢዮብ መኰንን ጋሽ ሳይሆን፣ አንጋፋ ሳይሆን ቀረ። ያለፈበትን ቀን የሚናገረው ግሥ «ተለየ» እንጂ «ተለዩ» አይልም፤ ዛሬ የኢዮብ ታናሾች የነበሩት ዕድሜውን አልፈውት እንኳ በአክብሮት መደብ አይጠሩትም። ከኢዮብ እኩያ ዘፋኞች መካከል በሕይወት ያሉት ቀስ በቀስ ወደ «ጋሽ» ሲጠጉ እርሱ በ«አንተ» ላይ ቆሟል። የሚሰማው ሁሉ እኩያው የሚሆነው በዚህ ሰዋስው ነው። በ41 ዓመቱ የሞተው አበበ ቢቂላ ለየት ይላል፤ «ሻምበል» የሚለው የጦር ማዕርግ ከስሙ ጋር ስለ ጸና አክብሮቱ ከመንግሥት የመጣ ነው፣ ከዕድሜ አይደለም።

ግሦቹም የራሳቸው ነገር አላቸው። ዐማርኛ በወጣት ሞት ላይ የሚያውለው ቋንቋ የገበሬና የአትክልተኛ ነው፤ «በአጭር ተቀጨ»፣ «ተቀጠፈ»፣ «በለጋ ዕድሜው»። ሁለቱም ግሦች ተገብሮ ናቸው፣ ባለቤታቸው ተሰውሯል፤ ማን ቀጠፈ ብሎ የሚጠይቅ የለም። በሕመም ለሞቱት ለኢዮብና ለማዲንጎ ይህ ይስማማል። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ለተገደለው የአምቦ ልጅ፣ ለኦሮምኛ ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ግን አይስማማም። እዚያ «ተቀጠፈ» ማለት ገዳዩን ከዐረፍተ ነገሩ ማውጣት ነው። ሞቱን ተከትሎ በተነሣው ሁከት ብዙ ሕይወት በጠፋበት ጊዜ በ«ተገደለ»፣ በ«ተሰዋ»ና በ«ተቀጠፈ» መካከል የነበረው ምርጫ የስልት ምርጫ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ግሥ ሟቹ የማን እንደሆነ የሚናገር ነበር። ስሙም ራሱ በኦሮምኛ ትእዛዝ አንቀጽ ነው፣ «ይብለጥ» እንደ ማለት። ዐማርኛው ጽሑፍ ስሙን ፊደል በፊደል ሲወስድ ይህን ዐረፍተ ነገር ዝም አሰኝቶት ያልፋል።

የሱዳን ዓረብኛ በበኩሉ ለሟች ከያኒ «አልራሒል አልሙቂም» ይላል፣ የሄደው ነዋሪ። ዐማርኛ ከመቃብር በላይ የሚያውለው ስምን ነው፤ ይህ አጠራር የሚያስቀረው ግን ሰውየውን ራሱን ነው። በዶካ ሲሰማ ደግሞ ሌላ ነገር ይቀሰቅሳል። «ሙቂም» የመኖሪያ ፈቃድ፣ የ«ኢቃማ»፣ ሥርወ ቃል ቤተሰብ ነው፤ ፈቃድ የሌለው የሰሊጥ ሠራተኛ ቃሉን የሚያውቀው ከፍተሻ ነው። ሟች ዘፋኝ ያለ ጥያቄ ሙቂም በሚባልበት ከተማ ሕያዉ ሠራተኛ ለዚያው ቃል ወረቀት ይጠየቃል።

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ጉዞው ተገላብጧል። ጦርነቱን የሸሹ ሱዳናውያን በገላባትና በመተማ በኩል ገብተው በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ሰፍረው ነበር። ሐዋታም ከሰዎቹ ጋር ወደ ዐማርኛ ምድር ተሻግሯል፤ የሚጽፈውም ጋዜጠኛ፣ አስተርጓሚ፣ መዝጋቢ ይሆናል። «አድናቂ» ብሎ ቢፈታው ጉባኤውን ያጠፋዋል፤ ሳይፈታ በነገድ ዝርዝር ውስጥ ቢያስገባው፣ ቅርጹ ወደዚያ ይጋብዛልና፣ የሌለ ነገድ ይፈጥራል፤ በትውልድ ቦታ ዐምድ ቢጽፈው ሰውየውን ራሃድ ዳር ይወልደዋል። የተሻለው ቃሉን እንዳለ መውሰድ፣ «ዋ» ጠብቆ እንደሚነበብ አንድ ጊዜ ማመልከትና በምን ስም ልክ እንደ ተሰፋ ማስረዳት ነው። ዐማርኛ «ጀላባ»ን ያለ ትርጉም ካወቀ «ሐዋታ»ን ለማወቅ የሚከለክለው ነገር የለም።