ብዙም ያልሠራ

ያገለገለ ዕቃ ልትገዙ ብትወጡ፣ ከሻጭ የምትሰሙት የመጀመሪያ ምስጋና «ብዙም ያልሠራ ነው» የሚል ነው። ለቤቴ የእንጨት ሥራ ባለጠረጴዛ የኤሌክትሪክ መጋዝ ስፈልግ እኔም ደጋግሜ ሰማሁት። ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው ቃል ላይ መቆም ይወዳል። ለመሆኑ ለሥራ የተፈጠረ ነገር ስለምን ባለመሥራቱ ይመሰገናል?

እኔ የገዛሁት ብዙ የሠራውን ነው። ባለቤቱ፣ አንድ አዛውንት አናጢ፣ «ልጆቼን ያሳደገልኝ እሱ ነው» አሉኝ። ከዚህ የበለጠ ምን ማስታወቂያ አለ? የብረት ገበታው ከባድ ስለሆነ ሲሠራ አይንቀጠቀጥም። ቺንጋና ኩሽኔታ ቢያልቅ ይቀየራል። ዋናው ነገር ገበታው አለመጉበጡና ጥርሱን የሚያዞረው ዘንግ አለመወላገዱ ነው።

ይሁንና ፍቅርም ልክ አለው። አሮጌ መጋዝ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው የጣት መከላከያው ተነቅሎ ነው። ከጥርሱ ኋላ የምትቆመዋ ስስ ብረትም አትኖርም። እሷ ከሌለች የተሰነጠቀው እንጨት ተመልሶ ጥርሱን ይቆነጥጥና በሠራተኛው ላይ ይወረወራል። ይህን ስታነሱ «ድሮ እንዲሁ ነበር የምንሠራው!» ትባላላችሁ። ስንት ጣት እንደተቆረጠ ግን ማንም አይነግራችሁም።

የእኛ ነገር እንዲህ ነው፤ አሮጌን ወይ እንጥለዋለን፣ ወይ እንሰግድለታለን። ሁለቱም ከመመርመር ያሳርፋሉ። ለእኔ ግን ያረጀን ማክበር ማለት የጎደለውን መሙላት ነው። መከላከያው ተሠርቶ ሳይገጠምለት ያ መጋዝ ቤቴ ውስጥ አንዲት ጣውላ አይቆርጥም።