መናገሻና ባልጩት
ስለ ቅርስ አተራረክ የቀረበ ሂስ

የቦታ ስም ራሱን የቻለ የታሪክ ሰነድ ነው። ቀድሞ የአውራጃ መጠሪያ የነበረው መናገሻ ስሙን ከንግሥና ያገኘ ሲሆን፣ ከዓለም ገና ወደ ቡታጅራ በሚወስደው አቅጣጫ፣ ከመልካ ቁንጡሬ አጠገብ የሚገኘው ባልጩት ግን በሥራ መሣሪያ የተሰየመ ስፍራ ነው። ባልጩት ጥቁር፣ እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ፣ ሲሰነጠቅ የምላጭ ስለት የሚያወጣ ድንጋይ ነው። የአካባቢው ቅርስ እስካሁን በአመዛኙ የተተረከው በመጀመሪያው ስም መንፈስ ነው።

ለዚህ አስረጂ የሚሆነው የመናገሻ ሱባ ደን ነው። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው፣ በ15ኛው ምዕተ ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው በወጨጫ ተራራ ላይ አስተከሉ። በትረካው ውስጥ ጎልተው የሚሰሙት «አስመጡ» እና «አስተከሉ» የሚሉት ግሦች ናቸው። ዘሩን ተሸክሞ የመጣው፣ ጉድጓዱን የማሰው፣ ችግኙን ከከብት የጠበቀው ግን ስም የለውም።

ይህን ጉድለት ሊያርም የሚችለው መልካ ቁንጡሬ ነው። በዚህ የአዋሽ ዳርቻ፣ ዣን ሻቫዮን እ.ኤ.አ. በ1965 የጀመሩት ምርምር ሁለት ሚሊዮን ዓመት ያህል ወደ ኋላ የሚዘልቅ የሰው ልጅ አሻራ አስገኝቷል። ስፍራው ከባልጩት ጋር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይሁን እንጂ ስለ ስፍራው በሚነገረው ሁሉ ዕድሜው ይቀድማል፤ እጁ ይረሳል። በደቡብ ኢትዮጵያ ቆዳ ሠራተኞች በባልጩት መፋቂያ ሲሠሩ በ20ኛው ምዕተ ዓመት ተመራማሪዎች አይተው መዝግበዋል። ያንኑ ባለሙያ ግን ኅብረተሰቡ «ፋቂ» እያለ በጋብቻና በማዕድ ያገልለው ነበር። የጥንቱ ድንጋይ በሙዚየም ሲከበር፣ ጥበቡን እስከ ትናንት ያቆየው ሰው የስድብ ስም ተሸክሞ መኖሩ ለሃያሲም ለመምህርም ከባድ ጥያቄ ነው።

በዚህ ረገድ የቤልጅየም ልምድ ሊጤን ይገባዋል። ካቴድራልና ግንብ የሞላባት ይህች አገር፣ በሞንስ አጠገብ የሚገኙትን የስፒየን የጥንት የመሣሪያ ድንጋይ መቆፈሪያ ጉድጓዶች እ.ኤ.አ. በ2000፣ አራት የዋሎኒያ የማዕድን ሥፍራዎችን ደግሞ በ2012 በዓለም ቅርስነት አስመዝግባለች። ከአራቱ አንዱ በሆነው ቧ ዱ ካዚዬ፣ በ1956 በደረሰው አደጋ የሞቱት 262 ሠራተኞች ይታሰባሉ። ጎብኚው እዚያ ሲደርስ ጉድጓዱን ከቆፋሪው ለይቶ አያይም።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ከተማ ሲሰፋ የመንደርና የተራራ ስም በሕንፃና በመንገድ ስም ይዋጣል። በመሆኑም መምህሩ ተማሪዎቹን ይዞ ወደ ሱባ ሲወጣ ስለ ተካዮቹም ይጠይቃቸው፤ ጸሐፌ ተውኔቱም ቆዳ ፋቂውን ከመሳለቂያነት አውጥቶ ባለታሪክ ያድርገው። ሙዚየሙ ደግሞ በሕይወት ያሉትን የሙያው አዋቂዎች ጋብዞ እጃቸውን ያሳይ። ያን ጊዜ ተማሪው ባልጩት የሚለውን ስም ከነሠሪው ያውቀዋል።