ለጎንደር ቢላዋ ዲ-2 ብረት ይበጃል?

ኢንጂነሪንግ የተማረ ሰው ቢላዋ ልሥራ ሲል መጀመሪያ የሚከፍተው የብረቶችን ሠንጠረዥ ነው። እኔም እንደዚያው አደረግሁ። ቶሎ ባለመበላት ከፍተኛ ቁጥር ካላቸው አንዱ ዲ-2 የተባለው የመሣሪያ ብረት ነው፤ «በቃ፣ ይሄ ነው» አልኩ። ሠንጠረዡ ልክ ነው። ግን ቢላዋውን ማን ይስለዋል? በምን?

ዲ-2 ውስጥ 1.5 በመቶ ያህል ካርቦንና 12 በመቶ ያህል ክሮሚየም አለ። ሁለቱ ተዋህደው ካርባይድ የሚባሉ በጣም ጠንካራ ቅንጣቶች ይሠራሉ። ስለቱ ቶሎ እንዳይዶለዱም የሚያደርጉት እነሱ ናቸው፤ ስንስለው የሚያስቸግሩንም እነሱው ናቸው። ጥንካሬያቸው በቪከርስ መለኪያ ከ1500 አያንስም፤ ኳርትዝ ግን 1100 አካባቢ ነው። የደጋችን ድንጋይ ደግሞ በአብዛኛው የፋሲል ግንብ የታነጸበት ዓይነት ባዛልት ነው፤ ማዕድናቱ ከኳርትዝም ይለሰልሳሉ። ደባርቅ ያለች እናት ደጃፏ ባለ ድንጋይ ዲ-2 ብትስል ክንዷ ይዝላል እንጂ ስለቱ በቀላሉ አይመለስም።

እሳቱም አለ። ዲ-2 እስከ 1010 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግሎ እዚያው ላይ ለደቂቃዎች መቆየት አለበት። ከሰልና ወናፍ ሙቀቱን ያመጡታል፤ አርግቶ ማቆየቱ ነው የሚከብደው።

ቀጥቃጮቻችን የሚጠቀሙት የመኪና ባሌስትራ 0.6 በመቶ ያህል ካርቦን አለው፤ 830 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ዘይት ውስጥ መንከር ይበቃዋል። ማግኔት ብረቱን መሳብ የሚያቆመው 770 ላይ ስለሆነ፣ ከዚያ ትንሽ ደመቅ ሲል ዓይን ይለየዋል። ዶሮ ሲበለት አጥንት ቢያገኘውም እንደ ዲ-2 ቶሎ አይሸረፍም። «አማራጭ ስላጡ ነው» የሚሉ የሙያ ባልደረቦቼ ያናድዱኛል። የብረትን ቀለም በዓይን ማንበብ ዕውቀት ነው። በወለቃና በአካባቢዋ ያንን ዕውቀት የያዙትን የቤተ እስራኤል ቀጥቃጮች «ቡዳ» እያልን ስንሸሻቸው ኖርን፤ ብዙዎቹም እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ ወደ እስራኤል ሄዱ።

ቀጥቃጮቹንም የምነቅፍበት ነገር አለኝ። ካየኋቸው ቢላዎች አንዳንዶቹ ከዘይቱ እንደወጡ ተስለው ለገበያ የቀረቡ ናቸው። እንዲህ ያለ ብረት እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው። 200 ዲግሪ አካባቢ አንድ ሁለት ሰዓት ቢቆይ ጥንካሬው ብዙ ሳይቀንስ ስብራቱ ይቀራል። ለዚህ የላቦራቶሪ ምድጃ አያስፈልግም፤ እንጀራ ሲጋገር የኤሌክትሪክ ምጣድ ገጽ ወደዚያው ይጠጋል። ቢላዋውን አጽድቶ ምጣዱ ላይ ማጋደም፣ አክንባሎውን መክደን፣ ከዚያ ቀለሙን መጠበቅ ነው። ፈዛዛ የገለባ ቀለም ሲይዝ ደርሷል፤ ወደ ሰማያዊ ከሄደ ግን ለስለት በጣም ለስልሷልና እንደገና ወደ እሳቱ።